ለአልማዝ ባለጭራ መርፌው ይቆየን፣ ክኒኑ ይቅደም

ሰሞኑን ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ከስልክ ስልክ የሚዞር አንድ ጽሑፍ አለ። ጸሐፊው አኩፓንክቸር፣ ማለትም ብዙዎቻችን የቻይና መርፌ የምንለው ሕክምና፣ የአልማዝ ባለጭራን ሕመም ከሥሩ ይነቅለዋል ይላል። ክኒን በሽታውን ወደ ውስጥ ያስገባዋል ይላል። ስለዚህ ሽፍታው እንደወጣ ጤና ጣቢያ ከመሄድ ይልቅ ተሳፍሮ አዲስ አበባ ሄዶ መወጋት ይሻላል ብሎ ይመክራል። ለዚህም የዓለም ጤና ድርጅትን፣ የቻይናን የሺህ ዓመታት ልምድ፣ የእኛኑ ዋግምትና አንድ የኮምቦልቻ ነጋዴን በምስክርነት ይጠራል።

እኔ ደሴ ውስጥ ፋርማሲ ነው የምሠራው። ይህን ምላሽ የምጽፈው ጸሐፊውን ለማሳጣት አይደለም። ሕመሙን በቅርብ ያየ ሰው እንደሆነ ያስታውቃል፤ የጻፈውም ለወገኑ አዝኖ ነው። መርፌውንም አልጠላውም፤ ቦታ እንዳለው ወደ ኋላ እናገራለሁ። የማልስማማው በቅደም ተከተሉ ነው። ምክሩን የተከተለ ሰው ሁለትና ሦስት ቀን ያጣል። በዚህ በሽታ እነዚያ ቀናት ከሁሉም ቀን ይበልጣሉ።

ጽሑፉ ሲጀምር አልማዝ ባለጭራ የሚመጣው ደም ሲቆሽሽና ሙቀት ሰውነት ውስጥ ሲታመቅ ነው ይላል። አይደለም። የሚመጣው ከቫይረስ ነው። በልጅነታችን ጉድፍ ይወጣብናል፤ ሐኪሞች ቺክንፖክስ የሚሉት ማለት ነው። ያሳክከናል፣ ይደርቃል፣ እንረሳዋለን። ቫይረሱ ግን አይሞትም። ከአከርካሪ አጥንት አጠገብ ባሉት የነርቭ ሥሮች ውስጥ፣ ፍም በአመድ ተዳፍኖ እንደሚያድር፣ ለአሥርት ዓመታት ተዳፍኖ ይቀመጣል። ዕድሜ ሲገፋ ወይም የሰውነት የመከላከል አቅም ሲዳከም ይነሳና ያንኑ ነርቭ ተከትሎ ወደ ቆዳ ይወጣል። በአንድ ጎን ብቻ የሚወጣው ለዚህ ነው። ሽፍታው ከመታየቱ ከቀናት በፊት ቦታውን የሚያቃጥለውም ነርቩ ቀድሞ ስለሚቆጣ ነው። ብዙ ሰው በነዚያ ቀናት ጨጓራ ነው፣ ኩላሊት ነው፣ ብርድ ነው እያለ ይከርማል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። ጭራው ዞሮ ከራሱ ጋር ከገጠመ ሰውየው ይሞታል የሚል ወሬ አለ። ጽሑፉም ይህን ፍርሃት ደጋግሞ ያነሳዋል። በሁለቱም ጎን መውጣቱ ራሱ ብርቅ ነው። ቢወጣም የሞት ምልክት አይደለም። ሐኪም ቶሎ ሊያየው ይገባል፤ ከዚያ ያለፈ ትርጉም የለውም። የታመመን ሰው በዚህ ማስፈራራት ግፍ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ጽሑፉ ክኒን በሽታውን ወደ ውስጥ ያስገባዋል ይላል። እውነቱ የተገላቢጦሽ ነው። አሲክሎቪር የሚባለው መድኃኒት ቫይረሱ እንዳይራባ ያደርገዋል። ሥራው በደንብ የሚታየው ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት እዚህ ላይ ነው። በጊዜ ከተጀመረ አዲስ ሽፍታ መውጣቱ ቶሎ ይቆማል፣ የወጣው ቶሎ ይደርቃል፣ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሕመምም ይቀልላል። በኋላ የሚቀረውን ሕመም ሙሉ በሙሉ ያስቀራል ብዬ ግን አልምልም። በዚህ ላይ ጥናቶቹ እርስ በርስ አይስማሙም።

አወሳሰዱም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለአዋቂ የተለመደው መጠን 800 ሚሊ ግራም በቀን 5 ጊዜ ለ7 ቀን ነው። ኩላሊቱ የተጎዳ ሰው መጠኑ ይቀነስለታል፤ ስለዚህ ሐኪም ሳያየው አይጀመርም። በእጃችን ያለው የ200 ሚሊ ግራሙ ፍሬ ሲሆን በአንድ ጊዜ አራት ፍሬ መዋጥ ያስፈልጋል ማለት ነው። ይህን ስንናገር ሰው ይደነግጣል። "አራት? በአንዴ?" ይላል። ቤት ሄዶ አንድ አንድ እየዋጠ "አልሠራልኝም" የሚለው ብዙ ነው። ሌላው ደግሞ ቅባቱን ብቻ ስጡኝ ይላል። የአሲክሎቪር ቅባት ለአልማዝ ባለጭራ አይበቃም። ቫይረሱ ያለው ነርቩ ውስጥ ነው፤ ቆዳ ላይ የተቀባ ነገር እዚያ አይደርስም። ጽሑፉ "ክኒን ሞክረው ያልተሻላቸውን አውቃለሁ" ሲል ስንቶቹ እንዲህ እንደወሰዱት ቢጠይቅ ጥሩ ነበር።

ለምን እንደማረርኩ ልንገራችሁ። በቅርቡ አንድ አባት ከኩታበር በኩል ከልጃቸው ጋር መጡ። ግራ ደረታቸው ላይ ነው የወጣባቸው። የሸሚዛቸውን ጨርቅ በሁለት ጣት ቆንጥረው ከገላቸው አርቀው ይዘውታል። ወንበር ስሰጣቸው እንኳ ጣታቸውን አልለቀቁም፤ የተቀመጡት በአንድ እጃቸው ተደግፈው ነው። ሽፍታው ላይ የተወቀጠ ቅጠል ተለጥፎ ደርቋል፤ ከሥሩ ቆዳው ቀልቶ መግል ይዟል።

"አባባ፣ መቼ ነው የወጣብዎት?" አልኳቸው።

"ካለፈው ጁምዓ በፊት ነው ልጄ። ነፋስ ሲነካኝ እንኳ እሳት ነው። አልሀምዱሊላህ ብቻ።"

ልጅቱ ስልኳን አውጥታ ያንን ጽሑፍ አሳየችኝ። "ወንድሜ፣ ክኒን አታስነኳቸው ስለሚል ፈራን" አለችኝ። ለአዲስ አበባው ጉዞ ወይፈን እስኪሸጥ ነበር የሚጠብቁት። ሳምንቱ ያለፈው በዚህ ነው። ሐኪም ዘንድ ላክኋቸው። አዲስ ሽፍታ ገና እየወጣባቸው ስለነበር አሲክሎቪሩ ከዘገየም በኋላ ታዘዘላቸው፤ ለመግሉም ሌላ መድኃኒት ተጨመረ። በሁለተኛው ቀን ቢመጡ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልተከተለ። ልጅቱን አልወቀስኳትም። አባቷን የምትወድ ልጅ ናት፤ ያገኘችውን አነበበች።

ጽሑፉ ቀጥሎ የዓለም ጤና ድርጅት አኩፓንክቸር አልማዝ ባለጭራን እንደሚያድን አረጋግጧል ይላል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣው የአኩፓንክቸር ጥናቶች ቅኝት አለ፤ አልማዝ ባለጭራም ከእሱ በኋላ የሚቀረው የነርቭ ሕመምም እዚያ ውስጥ ተጠቅሰዋል። ግን በየትኛው ዝርዝር? መረጃ በቂ ነው በተባለበት በመጀመሪያው አይደለም። ውጤት ታይቷል፣ ተጨማሪ ማረጋገጫ ግን ያስፈልጋል በተባለው በሁለተኛው ነው። "ማረጋገጫ ያስፈልጋል" የሚለውን "ተረጋግጧል" ብሎ መጻፍ ሰውን ያሳስታል። ቅኝቱ ራሱም ደካማ ጥናቶችን ሳያጣራ አካቷል ተብሎ ብዙ ተተችቷል።

ታዲያ ማረጋገጫው በኋላ መጣ ወይ? ከሽፍታው በኋላ በሚቀረው ሕመም ላይ እ.ኤ.አ. በ1983 የታተመ የእንግሊዝ ጥናት አለ። 62 ታማሚዎችን በሁለት ከፍለው ለአንዱ ወገን የጆሮና የሰውነት አኩፓንክቸር ሰጡ። ለሌላው ወገን ሕመም የሚያስታግስ የሚመስል፣ ነገር ግን የማይሠራ የኤሌክትሪክ መሣሪያ አደረጉለት። በግልጽ የተሻላቸው ከመርፌው ወገን 7 ሰዎች ናቸው። ከማይሠራው መሣሪያ ወገንም 7። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ ጣሊያን ውስጥ በ102 ታማሚዎች ላይ ሽፍታው ገና ትኩስ ሳለ መርፌውን ከተለመዱት የሕመም ማስታገሻዎች ጋር አወዳደሩ። ውጤቱ ተቀራራቢ ሆነ። ይህ ለመርፌው ጥሩ ዜና ይመስላል፣ በከፊልም ነው። ግን በዚያ ጥናት ውስጥ የማስመሰያ መርፌ የተወጋ ሦስተኛ ወገን የለም። ስለዚህ የተሻላቸው በመርፌው ይሁን፣ በጊዜው ይሁን፣ በተስፋው ይሁን መለየት አይቻልም። ኮክሬን የሚባለው ጥናት አጣሪ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2017 የነርቭ ሕመምን በጠቅላላ ሲመረምር አኩፓንክቸር ይጠቅማል ለማለትም አይጠቅምም ለማለትም የሚበቃ መረጃ የለም ብሎ ደመደመ።

ጽሑፉ ከቻይና የወጡት ጥናቶች ሁሉ ጥሩ ውጤት አሳይተዋል ብሎ እንደ ትልቅ ማስረጃ ያቀርባል። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄው "ሁሉ" የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ተመራማሪዎች የየአገሩን የአኩፓንክቸር ጥናት ለይተው ሲያዩ ከቻይና የወጡት በሙሉ መርፌውን የሚደግፉ ሆነው አገኟቸው። የትኛውም ሕክምና፣ የሚሠራውም ቢሆን፣ በእያንዳንዱ ጥናት አይሳካም። ሁሌ የሚያሸንፍ ውጤት ሲታይ ያልተሳካው ሳይታተም ቀርቶ ይሆን ብሎ መጠርጠር ያስፈልጋል።

ስለ ሺህ ዓመታቱ ብዙ አልልም። ዕድሜ ማስረጃ አይሆንም፤ በምላጭ ደም ማፍሰስም ዕድሜ ጠገብ ነው። ቻይናዎች በመርፌ ብቻ አደንዝዘው ሆድ ይቀድዳሉ የሚለው ታሪክም ብዙ ጊዜ የሚያያዘው እ.ኤ.አ. በ1971 ቤይጂንግ ውስጥ ትርፍ አንጀቱ ከወጣለት የኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጠኛ ከጄምስ ሬስተን ጋር ነው። ሰውየው ራሱ እንደጻፈው ቀዶ ሕክምናው የተደረገለት በተለመደው የማደንዘዣ መርፌ ነው። አኩፓንክቸሩ የመጣው በኋላ፣ ሆዱ ሲነፋና ሲያመው ነው። ዛሬ የቻይና ሐኪሞች ራሳቸው ለአልማዝ ባለጭራ ፀረ ቫይረስ ያዛሉ። መርፌውን የሚጨምሩት በላዩ ነው።

ዋግምትን ያነሳበት ክፍል ግን ሰፋ ያለ መልስ ይፈልጋል፤ እኛው ቤት ያለ ነገር ነውና። ጸሐፊው "አያቶቻችን በዋግምት ያደርጉት የነበረውን ነው ቻይናዎች በመርፌ የሚያደርጉት" ይላል። ወሎ ውስጥ ዋግምት ያልተደረገለት ሽማግሌ ማግኘት ይከብዳል። አሁን ደግሞ ሂጃማ የሚባለው ዋግምት በየከተማው ተስፋፍቷል። ለወገብና ለትከሻ ሕመም እፎይታ አገኘሁ የሚል ሰው ቢኖር አልከራከረውም። ከአኩፓንክቸር ጋር ግን አንድ አይደሉም። አኩፓንክቸር ፀጉር የሚያክል ቀጭን መርፌ ነው፤ ደም አያወጣም። ዋግምት ቆዳ በምላጭ ተበጥቶ ደም የሚወጣበት ነው። ውሃ በቋጠረና በቆሰለ ቆዳ ላይ ምላጭ ማሳረፍ ለመግል በር መክፈት ነው። ምላጩ ሌላ ሰው የነካው ከሆነ ደግሞ የጉበት ቫይረስና ኤችአይቪ አለ። በጋለ ብረት መተኮስም እንዲሁ ነው። ነርቩ አስቀድሞ እየነደደ ላለ ሰው ሌላ ቃጠሎ ምኑ ነው? ጽሑፉ ዋግምትንና አኩፓንክቸርን አንድ ሲያደርጋቸው አዲስ አበባ መሄድ ያልቻለ ድሃ "እንግዲያው እዚሁ ልበጣ" ማለቱ አይቀርም። ጸሐፊው ይህን አስቦ የጻፈው አይመስለኝም። አንባቢው ግን እንዲያ ነው የሚረዳው።

መርፌው ምንም የጎንዮሽ ጉዳት የለውም የሚለውም ልክ አይደለም። በሠለጠነ እጅና ለአንድ ሰው ብቻ በሚውል ንጹህ መርፌ ከባድ ጉዳት ብርቅ ነው፤ ይህን መመስከር አለብኝ። ግን ይኖራል። ደረት ላይ በጥልቀት የተወጋ መርፌ የሳንባን ሽፋን በስቶ አየር ሊያስገባ ይችላል። ደግሞ አልማዝ ባለጭራ በብዛት የሚወጣው ደረት ላይ ነው።

ጸሐፊው ሆስፒታል የሚሰጠውን የሕመም መድኃኒት "የአእምሮ ሕመምተኛ ክኒን" እያለ የሚያጥላላበት አንቀጽ በጣም አሳዝኖኛል። ነገሩን ላብራራ። የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያ ማዕከል እንደሚለው ከ100 ታማሚዎች ከ10 እስከ 18 በሚሆኑት ላይ ሽፍታው ደርቆም ሕመሙ ሳይለቅ ይቆያል። ዕድሜ በገፋ ቁጥር ይህ ዕድል ይጨምራል። ሕመሙ ሦስት ወር ካለፈው ቫይረሱ ያቆሰለው ነርቭ ራሱ የሚልከው የሐሰት ምልክት ነው። ለዚህ ሕመም ፓራሲታሞልና ዳይክሎፌናክ እምብዛም አይረዱም። የሚረዱት የነርቭን ምልክት የሚያረግቡ መድኃኒቶች ናቸው፤ አሚትሪፕቲሊን፣ ጋባፔንቲን፣ ፕሪጋባሊን። አሚትሪፕቲሊን ለድብርትም ይሰጣል፣ እውነት ነው። ለነርቭ ሕመም ግን የሚጀመረው በትንሽ መጠን፣ በ10 ወይም በ25 ሚሊ ግራም፣ ማታ ማታ ነው። ማንንም እብድ አያሰኝም።

እዚህ ላይ እኛ ባለሙያዎችም መናገር ያለብን ነገር አለ። ውጤቱ በአንድ ሌሊት አይመጣም፤ ሳምንታት ይፈልጋል። አፍ ያደርቃል፣ ያስተኛል። አዛውንት ሌሊት ሲነሱ ሊያንገዳግዳቸው ይችላል። የልብ ችግር፣ የዓይን ግፊት ወይም የሽንት መከልከል ያለበት ሰው አስቀድሞ ለሐኪሙ መናገር አለበት። ጋባፔንቲንም ቀስ እያለ ነው የሚጨመረው፤ ሲቆምም በአንዴ አይቆምም። ይህ ሳይነገራቸው ሦስት ቀን ውጠው "አልረባኝም" ብለው የሚተዉ ብዙ ናቸው። እንዲህ ያለው ሰው ነው ያን ጽሑፍ ሲያገኝ ልቡ የሚነሳሳው።

የኮምቦልቻው ነጋዴ ለሦስት ሳምንት ተወግቶ ሽፍታው ጠፋ ይለናል። እንኳን ተሻለው። ያልታከመ ሽፍታም ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ይደርቃል።

ሆስፒታል ውድ ነው፣ መድኃኒትም የለውም በሚለው በከፊል እስማማለሁ። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት የወሎ ጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፤ ሰው እምነቱ ቢጎዳ አይፈረድበትም። ዛሬም መድኃኒት የሚጠፋበት ጊዜ አለ። ነገር ግን የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ደብተር ያለው ሰው ምርመራውንም፣ በቦታው ያለውን መድኃኒትም በደብተሩ ያገኛል። የጎረቤታችን ተሁለደሬ ወረዳ ይህ መድን በአገር ደረጃ ሲሞከር ከመጀመሪያዎቹ አንዷ ነበረች። አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መርፌው ደግሞ በአንድ ቀን አያልቅም፤ ተመላልሶ መወጋት ነው። መሳፈሪያው፣ ማደሪያው፣ አስታማሚው ሲደመር የወይፈን ዋጋ የሚጠየቀው ለዚህ ነው።

ጽሑፉ ጭራሽ ያላነሳቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ዓይን ነው። ሽፍታው ግንባር ላይ፣ የዓይን ቆብ ላይ ወይም አፍንጫ ጫፍ ላይ ከወጣ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። ይህ በዚያው ቀን የዓይን ሐኪም የሚያየው ነገር ነው። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ለቆዳና ለዓይን ሕክምና ስሙ የቆየ ነው፤ ከደሴ ቅርብ ነው። ፊቱ ላይ የወጣበትን ሰው አዲስ አበባ ሂድና ተወጋ ማለት ግን በዓይኑ ላይ መፍረድ ነው።

ሁለተኛው የኤችአይቪ ምርመራ ነው። አልማዝ ባለጭራ የወጣበት ሁሉ ኤችአይቪ አለበት ማለት አይደለም። አብዛኛው ዕድሜ የገፋ ሰው ነው። ወጣት ላይ ሲወጣ ወይም ተመላልሶ ሲመጣ ግን የመከላከል አቅሙ ለምን እንደተዳከመ መታየት አለበት። ምርመራው በየጤና ጣቢያው አለ። በጊዜ የታወቀ ሰው መድኃኒቱን ጀምሮ ረጅም ዕድሜ ይኖራል። ሽፍታውን በመርፌ "አድኖ" ቤቱ የላኩት ሰው ይህን ዕድል ያጣል።

ክትባትም አለ። ሺንግሪክስ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ2017 አሜሪካ ውስጥ የጸደቀ ነው። ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች በሁለት ዙር ይሰጣል፤ በጥናቶቹም ከ90 በመቶ በላይ ተከላክሏል። በእኛ መደበኛ የክትባት ፕሮግራም ውስጥ ግን የለም።

መርፌውን የት እናስቀምጠው? እንደኔ፣ አሲክሎቪሩን በጊዜ ለወሰደ፣ የነርቭ መድኃኒቱን በአግባቡ ለሞከረ፣ ከወራት በኋላም ሕመሙ ላልተወው ሰው ነው። መርፌ መወጋት ሰውነት የራሱን ሕመም ማስታገሻ እንዲያመነጭ እንደሚቀሰቅስ ይታወቃል። እንዲህ ያለ ሰው አቅሙ ከፈቀደና ሐኪሙን ካማከረ ቢሞክረው አልከለክለውም። መድኃኒቱን ግን አያቁም። አዲስ አበባ ውስጥ የቻይና የሕክምና ቡድኖች የሚሠሩበት ጥሩነሽ ቤይጂንግ ሆስፒታል አለ። የትም ቢሄድ የባለሙያውን የሥራ ፈቃድ ይጠይቅ። መርፌው ከታሸገበት ሲወጣ በዓይኑ ይይ። ቁስሉ ላይ ሳይሆን ዙሪያውን መወጋቱን ያረጋግጥ። ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ከሆነ ወይም ስኳር ካለበት ገና መርፌው ሳይጀመር ይናገር።